«3 ኪሎዋት» የተባለው ጄነሬተር ጣና ዳር ሲደርስ ስንት ይሆናል?

መጀመሪያ ውጤቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ማንበብ የፈለገ ይቀጥል። ገበያ ላይ «3 ኪሎዋት» እየተባለ የሚሸጠው ተራ የቤንዚን ጄነሬተር ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀርና ትንሽ የውሃ ፓምፕ ይችላል። በደንብ ይችላል። የእንጀራ ምጣድ ግን አይችልም። ሻጩ ቢምል ቢገዘት አይችልም።

ማሽኑ ያለው ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ቤቱ ጣና ዳር ነው፣ ከባህር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው በኩል፣ የመብራት መስመር ካልደረሰበት ቦታ። ጋሼ የሚኖረው ከእናታችን ጋር ነው። ዓሣ ይነግዳል። ቆሮሶና አምባዛ ከአጥማጆቹ ተቀብሎ ከተማ ላሉ ምግብ ቤቶች ያቀርባል። ስለዚህ ፍሪጁ ለቀዝቃዛ ውሃ የተገዛ አይደለም፤ ፍሪጁ ከቆመ የዕለት ገቢው አብሮ ይቆማል። የኤሌክትሪኩን ነገር የማየው እኔ ነኝ፣ ቴስተሬን ይዤ እየሄድኩ።

አንድ ነገር ሳልተነፍስ አላልፍም። ከደጃችን ያለው ውሃ በዋሻ ሄዶ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የጣና በለስን ማመንጫ ያዞራል፤ አቅሙ 460 ሜጋዋት ነው። ጢስ ዓባይም ሩቅ አይደለም። እኛ እዚሁ ውሃው አፍ ላይ ተቀምጠን ቤንዚን እናቃጥላለን። በቃ፣ ተነፈስኩ።

ወደ ማሽኑ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 3500 ተጽፏል። ይሄ የሞዴል ስም ነው፣ ዋት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ማየት ያለባችሁ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ነው። የኛው ከፍተኛው 3 ኪሎዋት፣ መደበኛው 2.8 ኪሎዋት ይላል። «ከፍተኛ» የሚባለው ለአጭር ጊዜ የሚሰጠው ጉልበት ነው፣ ፍሪጅ ወይ ፓምፕ ሲነሳ የሚያስፈልገው ዓይነት። ለሰዓታት የምትኖሩበት መደበኛው ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ኪሎዋት ሳይሆን ኬቪኤ ታገኛላችሁ። 3 ኬቪኤ ተብሎ ከጎኑ 0.8 ካለ፣ አባዙት፤ 2.4 ኪሎዋት ነው ያላችሁ።

ሻጩ ይሄን አልነገረንም። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ቤቱን ሙሉ ያስነሳል፣ ምጣዱንም ጭምር» ነው ያለው። የሱቁን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ሌሎቹም ስንጠይቃቸው ያሉት ያንኑ ነው።

አሁን ማንም የማያነሳት ነገር ትምጣ። ከፍታ። ባህር ዳር ሞቃት ስለሆነች ዝቅ ያለ ቦታ ይመስለናል እንጂ ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ኦክስጅን ሲቀንስ ጉልበት ይቀንሳል። አምራቾቹ ራሳቸው መመሪያቸው ላይ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብለው ይጽፋሉ። 1,800ን ለ300 አካፍሉት፣ 6። 6 ጊዜ 3.5 ደግሞ 21 በመቶ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 2.8 የተባለው ማሽን እኛ ጋ ሲደርስ 2.2 ኪሎዋት ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ወይ ጎንደር ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የምታገኙት።

ይሄ የወረቀት ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለ 2 ኪሎዋት የውሃ ማፍያ ሰክተን ስንለካ ቮልቴጁ ከ220 ብዙም አልራቀም። ደህና። ካውያ ሲጨመርበት ግን ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፣ አምፖሎቹ ደበዘዙ፣ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ወረደ። ደረቅ ማስረጃ ነው።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ቶሎ ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚንም ያለ አግባብ ይጠጣል። ሆንዳ ለራሱ ማሽኖች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሰሩ ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ይመክራል። እኛ የሞተር ሳይክል መካኒክ ጋ ወስደነው ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ብሎን ቀዳዳዋ በጠበበ ቀየረልን። ጭሱ ወዲያው ቀነሰ። የጠፋውን ጉልበት ግን ይሄ አይመልሰውም፣ አየር ከየት ይመጣል?

ምጣዱን እንጨርሰው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። እኛ ያለን 2.2 ነው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምጣድ ካላንቀሳቀሰ ምን ጄነሬተር ይባላል ለምትሉ፣ በዚህ ከፍታ ቢያንስ መደበኛው ከ5 ኪሎዋት በላይ የሆነ ማሽን ያስፈልጋችኋል፤ እሱ ደግሞ ለአንድ ሰው የማይነሳ ክብደት አለው፣ ምጣዱ ሲበራ በሰዓት ከ2 ሊትር በላይ ቤንዚን ይበላል። እናቴ ይሄን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እንጀራ በቤንዚን? ማገዶዬ ምን አደረገህ ልጄ?» አለችና ወደ ሸክላ ምጣዷ ዞረች። እኔም መልስ አልነበረኝም። ስቶቭም፣ የገላ ውሃ ማሞቂያም እንደዚያው ነው። ሙቀት የሚሰራ ዕቃ ሁሉ የትንሽ ጄነሬተር ጠላት ነው። ሙቀት ከፈለጋችሁ ከሰል፣ ማገዶ ወይ ጋዝ አለ።

ፍሪጁ ላይ ግን ማሽኑ አንጀቴን አርሶታል። የቤት ፍሪጅ አንዴ ከተነሳ በኋላ ከ100 እስከ 200 ዋት ቢወስድ ነው። ችግሩ መነሻው ነው። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ለአፍታ ከ3 እስከ 7 እጥፍ ይጎትታል። ጆንያ ከመሬት አንስቶ ትከሻ ላይ ማድረግና አንዴ ከተሸከሙት በኋላ መሄድ አንድ አይደለም፣ ይሄም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። ጄነሬተሩን አስነሱ፣ ምንም ሳይሰካ ትንሽ ይሙቅ። ከዚያ ፍሪጁን ብቻውን ስኩት። ከተረጋጋ በኋላ ሌላውን ጨምሩ። ሲጠፋ ደግሞ በተገላቢጦሽ፣ መጀመሪያ ዕቃውን ንቀሉ፣ ቀጥሎ ማሽኑን አጥፉ። ቤንዚን አልቆበት እየተንገዳገደ እንዲጠፋ መተው ለፍሪጅ ክፉ ነው፣ ቮልቴጁ ከመጥፋቱ በፊት ይዋዥቃል። በመሃል ድንገት ከጠፋም ቶሎ አታስነሱት። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። ይሄን የሚጠብቅላችሁ ስታብላይዘር አለ፣ መብራት ሲመጣ ወዲያው አይለቅም። ግዙት።

ፍሪጅ ሙሉ ቀን መብራት አያስፈልገውም፣ ይሄ ነው ቤንዚኑን የሚያድነው። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ ማቀዝቀዣ (በረዶ የሚሰራው ክፍል) ደግሞ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት። ዓሣው የሚቀመጠው ማቀዝቀዣው ውስጥ ስለሆነ ጋሼ ጠዋት ጥቂት ሰዓት፣ ማታ ጥቂት ሰዓት ያስነሳል፣ በቃ። ባዶ የቀረውን ቦታ ውሃ በሞላ ሃይላንድ ይጠቀጥቀዋል፣ በረዶ ሆኖ ቅዝቃዜ ይይዛል። ልጆቹ ፍሪጁን በከፈቱ ቁጥር ግን «ዝጋው!» የሚል ጩኸት ከሐይቁ ማዶ ይሰማል።

ማሽኑ በተነሳበት ሰዓት ሁሉም ነገር አብሮ ይሰራል። ሮቶው ይሞላል፣ ስልኮቹ ይሞላሉ፣ ባትሪው ይሞላል። ፓምፓችን ግማሽ የፈረስ ጉልበት ነው፣ 370 ዋት፤ ጥሩ ይሄዳል። ጎረቤት ያለው ባለ 1 ፈረስ ጉልበት ነው፣ 750 ዋት፤ የኛ ማሽን ላይ ሰክተን አይተነዋል፣ ፍሪጁ ተሰክቶ እያለ ለመነሳት ይንቀጠቀጣል። ብቻውን ከሆነ ይነሳል። ፓምፕ ልትገዙ ከሆነ ትንሹን ግዙና ረዘም አድርጋችሁ አስነሱት። ሮቶ አይቸኩልም።

ቤንዚን። ግማሽ ጭነት ላይ፣ ማለት 1 ኪሎዋት አካባቢ፣ በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ይወስዳል። እና እዚህ ጋ የዚህ ዓይነት ማሽን ትልቁ ድክመት ይመጣል። አምፖል ብቻ ብታበሩም ሞተሩ ያው በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት፣ አለበለዚያ ዕቃዎቻችን የሚፈልጉት 50 ኸርዝ አይገኝም። ስለዚህ ለ5 ኤልኢዲ አምፖል፣ በድምሩ 45 ዋት፣ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ቤንዚን ታቃጥላላችሁ። ኪሳችሁ ላይ ግፍ ነው። ቤንዚን ማግኘቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ደግሞ የባህር ዳር ሰው ያውቃል፣ አልነግራችሁም።

መፍትሄው ባትሪ ነው። አንድ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ስለሆነ ዕድሜው እንዲቆይ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ 600። ያቺው 45 ዋት ከ12 ሰዓት በላይ ትበራለች። ሌሊቱ አለቀ! ማሽኑ ላይ «12 ቮልት» የምትል መሰኪያ አለች፣ እሷን ግን አትመኑ። 8 አምፒር ገደማ ነው የምትሰጠው፣ ቁጥጥርም የላትም፣ ባትሪው ቢሞላም አታቆምም። ደህና ቻርጀር ገዝታችሁ ከ220ው ሙሉት። ሶላር መጨመር ከቻላችሁማ ለአምፖልና ለስልክ ጄነሬተር ጭራሽ አያስፈልግም። ጣና ዳር ከክረምቱ ውጭ ፀሐይ ሞልቷል።

ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን በተመለከተ፦ ውሃ ወይ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ስለዚህ ካርቡሬተሩ ግርጌ ይጠራቀማል። እዚያ ታች አንዲት ብሎን አለች፣ ስትፈቷት ያንን ታፈስሳለች። ማሽኑ ተነስቶ ቶሎ ቶሎ ከጠፋባችሁ መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት እሷን ፍቱ። ሲቀዳም በጨርቅ አጥልሉት።

ድምፁ መጥፎ ነው። ዞር ዞር ብዬ አልነግራችሁም፣ ይጮሃል። ውሃ ላይ ደግሞ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ ታንኳ ላይ ያሉት አጥማጆች ሳይቀሩ ይሰሙታል። አካባቢያችን ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጋሼ በቅዳሴ ሰዓት አያስነሳም፣ የማኅሌት ሌሊት ደግሞ ጨርሶ። ማንም አላዘዘውም፣ ግን እንዴት አድርጎ? ፀጥታ ለሚፈልግ፣ በተለይ እንግዳ ለሚያሳድር፣ ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት አለ። እሱ ጭነቱ ሲያንስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ድምፁም ቤንዚኑም አብሮ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞገዱም ንጹህ ነው፣ ኮምፒውተርና ቦርድ ያለው ልብስ ማጠቢያ ይወደዋል። የሆንዳ ኢዩ22አይ የሚባለው ለምሳሌ ክብደቱ 21 ኪሎ ገደማ ነው፣ መደበኛው 1.8 ኪሎዋት። የኛ ከ40 ኪሎ በላይ ነው፣ ጀልባ ላይ ለመጫን ሁለት ሰው ይፈልጋል። የሆንዳው ዋጋ ግን ሌላ ዓለም ነው፣ እና ከፍታው እሱንም አይምረውም። ከ1.8 ላይ 21 በመቶ ቀንሱና 1.4 ነው የሚቀራችሁ። ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ይበቃል።

ስለ ጭሱ ሳላስጠነቅቅ ማለፍ አልችልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም ሰምተናል። ጄነሬተር ከከሰል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክፍል ውስጥ አይነሳም፣ በረንዳ ላይ አይነሳም፣ መስኮት ሥር አይነሳም። ቢያንስ 6 ሜትር ከቤቱ ይራቅ። ጣና ዳር ደግሞ ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ሐይቁ። ስለዚህ ቀን ጭሱን ከቤት የሚያርቀው ቦታ ሌሊት ወደ መኝታ ቤት ሊያስገባው ይችላል። እኛ ከቤቱ በስተጎን አድርገነዋል፣ ማርሚታውን ወደ ውጭ አዙረን። ከላይ ቆርቆሮ አለው ለዝናቡ፣ አራቱም ጎን ክፍት ነው። ገመዱ ረዘም ስለሚል ወፍራም ሽቦ ነው የተጠቀምነው፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር። ቀጭን ኤክስቴንሽን ቮልቴጅ ይበላል፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠማ ይግላል፣ ይቀልጣል። ቤንዚን የሚቀዳው ደግሞ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ሆናችሁ መብራት ሲጠፋ ብቻ ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ጫፉ ወንድ ፊሻ የሆነ ገመድ ሰርቶ ጄነሬተሩን ግድግዳ ሶኬት ላይ መሰካት በየሰፈሩ ይታያል። አታድርጉት። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አድርጎ ወደ መስመሩ ይወጣል፣ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል። መብራት ሲመጣም ማሽናችሁ ይቃጠላል። ቤቱን ወይ ከመስመሩ ወይ ከጄነሬተሩ ብቻ የሚያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ በባለሙያ አስገቡ፣ ወይ ዕቃውን በቀጥታ ማሽኑ ላይ ስኩ።

ጥራቱ? ከተገዛ ወዲህ መጎተቻ ገመዱ ተልጧል፣ ፊቱ ላይ ያለችው የቮልት መቁጠሪያ ደግሞ እኔ በቴስተር ከማነበው ጋር ተስማምታ አታውቅም። ጌጥ ናት። ዋስትናውን ስንጠይቅ ሻጩ «እሱ ሞተሩን ብቻ ነው» አለን፤ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ የሚል ነገር የለም። ሞተሩ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጠንካራ ነው። የሆንዳን ጂኤክስ ሞተር ተከትሎ የተሰራ ስለሆነ ካንዴላው፣ ካርቡሬተሩ፣ ገመዱ ከሌላው ማሽን ጋር ይገጥማል፣ ዋናው ገበያም ይገኛል። ለኔ ይሄ ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል።

አዲስ የገዛችሁ «አልነሳ አለኝ» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ዘይቱን እዩ። ያለ ዘይት ነው ታሽጎ የሚመጣው። 0.6 ሊትር ይወስዳል፣ እሱ ከሌለ ሞተሩን ከዘይት እጥረት የሚጠብቀው መከላከያ አያስነሳውም። ተዳፋት ላይ ከቆመም ዘይት ያለው ሁሉ የሌለው ይመስለዋል፣ ስለዚህ ደልዳላ ቦታ። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየር፣ ከዚያ በኋላ መመሪያው እንደሚለው፣ አብዛኛው በየ100 ሰዓቱ ነው። ጀልባ ላይ ስትጭኑ ቀጥ አድርጋችሁ፣ የቤንዚን መዝጊያውን ዘግታችሁ። ለወራት የማታስነሱት ከሆነ ታንከሩንና ካርቡሬተሩን አድርቁት፣ የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይደርቅና መንገዱን ይደፍናል።

እንግዲህ ማን ይግዛው? ፍሪጅ ያለው፣ ፓምፕ ያለው፣ በቀን ጥቂት ሰዓት አስነስቶ የሚበቃው ሰው ይግዛ። አምፖልና ስልክ ብቻ ያለው ሶላር ይግዛ። ምጣድ የፈለገ ሁለቱንም አይግዛ። ሱቅ ስትሄዱ ደግሞ ባዶውን አስነስቶ «ይኸው ይሰራል» ሲላችሁ አትቀበሉ፣ ባዶውንማ ማንም ያስነሳዋል። ባለ 2 ኪሎዋት የውሃ ማፍያ ሰክቶ፣ ውሃው እስኪፈላ፣ ቴስተር ላይ ቮልቴጁን ያሳያችሁ። ከ200 በታች ከወረደ ተዉት። ማፍያ የለንም ካለ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።